«ዩኒኮድ»፦ የአማርኛን ጽሑፍ ውስጡን የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ

ይህ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በአንድ ቁምፊ ነው። ይህኛው ደግሞ የሚዘጋው በሁለት ቁምፊዎች ነው፡፡ ዐይን ልዩነቱን አያየውም፤ አንባቢ ሁለቱንም አራት ነጥብ ብሎ ያልፋቸዋል። ለኮምፒውተር ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲዘጋ ተብሎ የራሱ ቁጥር የተሰጠው ምልክት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃልን ከቃል የምንለይበት ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ የተገኘ ነው። በአንድ የጋዜጣ ማኅደር ውስጥ ዓረፍተ ነገሮችን ለይቶ እንዲቆጥር የታዘዘ ፕሮግራም አንደኛውን ያገኛል፣ ሁለተኛውን ይዘለዋል። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ፕሮግራምም አንዱ ጋ ቆም ብሎ ሌላው ጋ ሲደርስ ሳይተነፍስ ሊያልፍ ይችላል።

በኮምፒውተር አማርኛ የሚጽፍ፣ የሚያርም፣ ማኅደር የሚያደራጅ ወይም ፕሮግራም የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ስውር ልዩነት የሚገልጥለት ነገር ያስፈልገዋል። እዚህ የምፈትሸው ለዚህ ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱን ነው። ስሙ «ዩኒኮድ» ይባላል። የዓለም ፊደላትን ሁሉ በቁጥር ከሚመዘግበው ሥርዓት ጋር ስሙ አንድ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ ዩኒኮድ ስል ሥርዓቱን፣ መሣሪያው ስል ፕሮግራሙን ማለቴ ነው። የጻፈው ስሎቫካዊው ራዶቫን ጋራቢክ ነው። በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ መስኮትም ሥዕልም የለውም፣ በተርሚናል ውስጥ ትእዛዝ ተቀብሎ በጽሑፍ ይመልሳል። ጋራቢክ የስሎቫክ ቋንቋ የጽሑፍ ክምችት ላይ የሠራ ሰው ነው፤ መሣሪያውም ጽሑፍ ሲያገላብጥ በሚኖር ሰው እጅ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። የሚነግረን ነገር ሁሉ በሥራ መካከል የሚፈለግ ነገር ነው።

ተከላው አያስቸግርም። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ተርሚናል ከፍቶ፣ በላቲን ፊደል፣ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ዩኒኮድ» ብሎ ማዘዝ ይበቃል። ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ያለው ሰው ከፓይተን ጥቅሎች ማከማቻ በፒፕ ሊያመጣው ይችላል። አዳዲሶቹ የዴቢያን ዕትሞች ግን ፒፕ የሥርዓቱን ፓይተን እንዳይነካካ ስለሚከለክሉ፣ እነሱ ላይ በአፕት መሄዱ ይሻላል። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ በሚያስኬደው በደብሊውኤስኤል በኩል ይደርስበታል። ከፕሮግራሙ ሌላ የእያንዳንዱ ቁምፊ ስምና ጠባይ የተዘረዘረበት የዳታ ፋይል ያስፈልጋል። ዴቢያን ይህን «ዩኒኮድ ዳታ» በሚባል የተለየ ጥቅል ያቀርበዋል፤ ከሌለም መሣሪያው «ዳውንሎድ» የሚል አማራጭ ስላለው ራሱ አውርዶ በተጠቃሚው የቤት ማውጫ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፋይሉ ሁለት ሜጋባይት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ለፍለጋው ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና የዳታ ዋጋ ኪስ በሚጎዳበት አገር ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን እነሱም አብረው ይጠፋሉ።

ተከላው ካለቀ በኋላ የመሣሪያውን ስም ጽፎ አንድ ፊደል ማስከተል ነው። ሀን ብንሰጠው የመጀመሪያው መስመር የፊደሏን ቁጥር ከመደበኛ ስሟ ጋር ያወጣል፦ ዩ+1200፣ «ኢትዮፒክ ሲላብል ኤች-ኤ»። ይህ 1200 በ16 በሚቆጥረው በሄክስ የተጻፈ ስለሆነ በተለመደው አቆጣጠር 4608 ነው፤ መሣሪያው ሁለቱንም ይሰጣል፣ በ8 የሚቆጥረውንም 11000 ይጨምርበታል። ቀጥሎ ፊደሏ በዩቲኤፍ-8 ስትቀመጥ የምትይዛቸው ባይቶች ይመጣሉ፦ ኢ1፣ 88፣ 80። በዩቲኤፍ-16 ያላትም ቅርጽ ይታከላል። ከሥር ፊደሏ ራሷ ትታያለች። ከዚያም በየትኛው መደብ እንዳለች፣ የሰፈሯ ወሰን ከ1200 እስከ 137ኤፍ መሆኑን፣ የምትጻፈውም ከግራ ወደ ቀኝ መሆኑን ይነግረናል።

ከነዚህ መስመሮች ውስጥ ጀማሪ ሳያያቸው የሚያልፋቸው ባይቶቹን ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። አንዲት የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ትይዛለች። የስም ሳጥኑ በባይት ተለክቶ ሠላሳ የተፈቀደለት የመረጃ ቋት ካለ፣ በላቲን ሠላሳ ፊደል ሲቀበል በአማርኛ አሥር ላይ ይቆማል። አባትና አያት ሲጨመሩ ስም የሚቆረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የስልክ አጭር መልእክትም በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ፣ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ወደሚወስድበት አሠራር በሚገባው በአማርኛ 70 ላይ ይሞላል። መሣሪያው ይህን ሁሉ አያስተምርም። ቁጥሮቹን ግን ፊት ለፊት ስለሚያስቀምጥ ምክንያቱን ማግኘት ቀላል ይሆናል።

ከአማራጮቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ የምመለስበት ሰንጠረዡ ነው። ከአንድ ቁጥር ኋላ ሁለት ነጠላ ነጥቦች ብናስከትል፣ ማለትም «1200..» ብለን ብንጽፍ፣ ከዚያ ጀምሮ ያሉትን 256 ቦታዎች በተራ ደርድሮ ያሳያል። እዚያ ላይ የሚታየው የፊደል ገበታ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ አንዱ ረድፍ 16 ቦታ ስላለው ሁለት ቤት ጎን ለጎን ይይዛል። ሀ በ1200 ትጀምራለች፣ ሁ 1201፣ ሂ 1202፣ ሃ 1203 እያለች ሆ ላይ 1206 ትደርሳለች። በ በ1260 ትጀምራለች፤ ሳድሷ ብ 1265 ናት፣ ዲቃላዋ ቧ 1267። የቁጥሩ የመጨረሻ አሃዝ 0 ወይም 8 ከሆነ ፊደሉ ግዕዝ ነው፤ 1 ወይም 9 ከሆነ ካዕብ፤ 5 ከሆነ ወይም በሄክስ አሥራ ሦስትን የሚወክለው ዲ ከሆነ ሳድስ። ማለትም ቁጥሩን ለስምንት አካፍሎ ቀሪውን ያየ ፕሮግራም ፊደሉ ስንተኛ እንደሆነ ያውቃል፤ ቀሪውን ያጠፋ ደግሞ ግዕዙን ያገኛል። ሥርወ ቃል የሚፈልግ፣ ግጥም ቤት መምታቱን የሚፈትሽ ወይም ሕፃናትን ፊደል የሚያስቆጥር ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ይህንን ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ቢያይ ብዙ ልፋት ይቀርለታል። ሕጉን የሚያፈርሱ ቦታዎችም አሉ። ቈ 1248 ላይ ትነሣና ካዕብና ሳብዕ ስለሌላት 1249ን ባዶ ትታ ታልፋለች፤ ኈ፣ ኰና ጐም እንደዚሁ ናቸው። ፕሮግራመሩ እነዚህን ክፍተቶች በሥዕል ሲያያቸው ይገቡታል፣ በሰነድ ሲያነባቸው ግን ይረሳቸዋል።

ሰንጠረዡ እስከ 13ኤፍኤፍ እንዲቀጥል ካዘዝነው የግዕዝ ፊደላት ያልቁና የቼሮኪ ፊደላት ይጀምራሉ። ቼሮኪ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሴኮያ የተባለ ሰው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለሕዝቡ ቋንቋ የፈጠረው፣ እንደኛው በቀለም የሚጻፍ ፊደል ነው። ሁለቱ በዩኒኮድ ጎረቤት ሆነው መቀመጣቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አኃዞቻችንም በዚሁ ሰፈር አሉ። ፩ በ1369 ትጀምራለች፣ ፼ በ137ሲ ትጨርሳለች። መሣሪያው ፼ን ሲጠየቅ የቁጥር ዋጋዋ 10000 መሆኑን ይናገራል፤ መደቧንም «ሌላ ቁጥር» ይለዋል። ይህ ትክክል ነው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፣ በቦታ ዋጋም አይቆጥርም፤ አሥርም መቶም እልፍም የራሳቸው ምልክት አላቸው። ፲፪ን እንደ ላቲኑ 12 አንብቦ ሊያሰላ የሚሞክር ፕሮግራም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ የመደቡን መስመር ያነበበ ግን አስቀድሞ ይጠነቀቃል።

ወደ ዋናው ፈተና ልምጣ። ለአማርኛ የሚበጅ መሣሪያ ሞክሼ ፊደላትን እንዴት እንደሚይዝ መታየት አለበት። ዓለም፣ ዐለም፣ አለም፣ ኣለም ተብሎ አንድ ቃል በአራት መልክ ይጻፋል። ኀይሉና ሀይሉ፣ ሐይሉና ሃይሉ በአንድ ቢሮ መዝገብ ውስጥ አራት ሰው ይሆናሉ። መሣሪያው ቃልን በሙሉ ተቀብሎ ፊደል በፊደል የሚዘረዝርበት አማራጭ አለው፤ ሰረዝ ኤስ ይባላል። ሦስቱን ሀዎች አከታትለን ብንሰጠው ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 መሆናቸውን፣ ሁለቱን ሰዎች ብንሰጠው ሠ 1220፣ ሰ 1230 መሆናቸውን፣ ጸ 1338 ፀ ደግሞ 1340 መሆናቸውን ለይቶ ያወጣል። በመካከላቸው አንዳች ዝምድና እንዳለ የሚጠቁም መስመር ግን የለም። ለዚህ መሣሪያውን አልወቅሰውም፤ ዩኒኮድ ራሱ ሞክሼዎቹን አንድ አላደረጋቸውም፣ ባለማድረጉም ልክ ነው። ግዕዝ ይለያቸዋል፤ በትግርኛም ሐና ዐ ዛሬም ከጉሮሮ የሚወጣ የራሳቸው ድምፅ አላቸው። ሞክሼነት የአማርኛ ጉዳይ ነውና መፍትሔውም በአማርኛ ፍለጋ ውስጥ መበጀት አለበት። የመሣሪያው ድርሻ የትኛው ፊደል የት እንደተጻፈ በእርግጠኝነት መናገር ነው፤ ይህን ደግሞ አያዛንፍም።

ቅር የምሰኝበት ስሞቹ ላይ ነው። ሠን ስንጠይቅ «ኤስ-ዜድ-ኤ» ይለናል፤ ኀን «ኤክስ-ኤ»፣ ሐን «ኤች-ኤች-ኤ»፣ ፀን «ቲ-ዜድ-ኤ»። አ «ግሎታል ኤ» ስትባል ዐ «ፋሪንጂያል ኤ» ትባላለች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሥነ ድምፅ ትርጉም አላቸው፤ «ኤስ-ዜድ-ኤ» ግን ማንም የኔታ ያልጠሩት፣ ሁለቱን ሰ በላቲን ለመለየት ብቻ የተፈጠረ ስም ነው። እኛ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያልን ፊደላቱን የምንለይባቸው ያማሩ ስሞች አሉን። ዩኒኮድ አንድ ጊዜ የሰጠውን ስም ስሕተት ቢሆን እንኳ እንዳይለውጥ በደንቡ ታስሯል፤ ብዙ ፕሮግራሞች በነዚህ ስሞች ላይ ስለተመሠረቱ ደንቡም ምክንያት አለው። ስለዚህ መደበኛው ስም አይለወጥም። ከሥሩ ሌላ ስም ማሳየት ግን ደንቡ አይከለክልም። መሣሪያው ይህን የሚያደርግበት መንገድ የለውም፤ የሚያሳየው ከእንግሊዝኛው ዝርዝር የመጣውን ብቻ ነው።

ይህ ጉድለት በስም ፍለጋ ላይ ይብሳል። መሣሪያው ፊደሉ በእጃችን ባይኖርም በስሙ እንድናገኘው ይፈቅዳል፤ የዩሮ ምልክትን «ዩሮ» ብሎ መፈለግ ይቻላል፣ ውጤቱም ግሩም ነው። ለላቲን፣ ለግሪክና ለገንዘብ ምልክቶች ይህ ከሁሉ የተሻለው ገጽታው ነው። ለኛ ፊደል ግን ፈላጊው አስቀድሞ ሠ በላቲን እንዴት ተብላ እንደተሰየመች ማወቅ አለበት፤ ያንን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ፍለጋው አያስፈልገውም። በዚያ ላይ መሣሪያው ውጤቱን ከአሥር እንዳይበልጥ ይገድባል። «ኢትዮፒክ» ብሎ የፈለገ ሰው አሥር ቁምፊ ይታየውና ሌሎች እንዳሉ፣ ገደቡን የሚያነሣውም «ማክስ» የሚለው አማራጭ እንደሆነ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ይደርሰዋል። ማሳሰቢያው መኖሩ ጥሩ ነው። ለፊደል ግን አሥር በጣም ትንሽ ነው፤ ሁለት ቤት እንኳ አይሞላም። አማርኛ ላይ የሚሠራ ሰው ገደቡን ዜሮ አድርጎ፣ ማለትም አንሥቶ፣ ትእዛዙን በአጭር ስም ተርሚናሉ ላይ ቢያስቀምጠው ይሻላል። «ብሪፍ» የሚለው አማራጭ መልሱን ያሳጥረዋል፤ «ፎርማት» የሚለው ደግሞ ቁጥሩን ብቻ፣ ወይም ፊደሉን ከስሙ ጋር ብቻ አድርጎ እንደየፍላጎት ያወጣል። እነዚህን ሁለቱን ያልሞከረ ሰው መሣሪያውን ግማሹን ብቻ ነው የተጠቀመው።

ወደ ጥንካሬው ልመለስ፤ ከሁሉ የበለጠ የሚያገለግለው ዐይን በሚታለልበት ቦታ ነውና። ከድረ ገጽ ወይም ከፒዲኤፍ የተቀዳ ጽሑፍ ውስጥ ስፋት የሌለው ክፍተት የሚባል ቁምፊ በቃል መሐል ተደብቆ ይመጣል። አይታይም፣ አይታተምም፤ ነገር ግን ቃሉን ለሁለት ይከፍለዋልና ፍለጋ አያገኘውም። ቃሉን ለመሣሪያው ብንሰጠው በአራት ፊደል ምትክ አምስት ቁምፊ ይዘረዝርና የተደበቀውን በስሙ ይጠራዋል። ዐይኑ ዐ ደግሞ በብዙ ፎንቶች ከላቲኑ ኦ ጋር ይመሳሰላል፤ መሣሪያው አንዷን 12ዲ0፣ ሌላዋን 4ኤፍ ብሎ ይለያቸዋል። መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት የአራት ነጥብ ጉዳይም እንዲሁ ይፈታል፦ እውነተኛው 1362 ሲሆን ሦስት ባይት ይይዛል፣ በሁለት ሁለት ነጥብ የተሠራው 1361 ሁለት ጊዜ ሆኖ ስድስት ባይት ይይዛል። ሦስተኛ መልክም አለ፤ የላቲኑ ሁለት ነጥብ ሁለቴ የተመታበት። ሦስቱም በአንድ ጋዜጣ አንድ ገጽ ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

የቆየ ማኅደር ያለው ሰው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። የኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ3.0 ዕትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ቁጥሮች ላይ እየደረቡ፣ እያንዳንዱም በገዛ አደራደሩ ይሠሩ ነበር። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ይሆናል። እንዲህ ካለ ሰነድ አንድ ቃል ቀድተን ለመሣሪያው ብንሰጠው ያለ ማወላወል «ላቲን» ይለናል። ለሰዓታት ፎንት ሲቀያይር ለሚውል ሰው ይህ አንድ መስመር መልስ ትልቅ እረፍት ነው፤ የሚያስፈልገው ፎንት ሳይሆን የኮድ ለዋጭ ፕሮግራም መሆኑን ወዲያው ያውቃልና።

ሆኖም ሙሉ ሰነድ ለመመርመር ይህ መሣሪያ አልተሠራም። አንድ ቃል፣ አንድ ሐረግ ሲሰጡት ያምራል፤ ሃያ ገጽ ሲሰጡት ግን ለእያንዳንዱ ፊደል አምስት ስድስት መስመር እየጻፈ ያጥለቀልቃል። ለዚያ ሥራ የቢል ፖዘር «ዩኒኔም» ይሻላል። እሱ ፋይልን በሙሉ አንብቦ እያንዳንዱ ቁምፊ ከፋይሉ መጀመሪያ በስንተኛው ቦታ ላይ እንዳለ ከስሙ ጋር ይዘረዝራል፤ የተደበቀው ክፍተት የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ ከሱ የሚሻል አላየሁም። ከአውቶዴስክ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈው ጆን ዎከር በፐርል የጻፈው «ዩነም» ደግሞ የቁምፊዎቹን ዝርዝር በገዛ ሆዱ ይዞ የሚዞር አንድ ፋይል ስለሆነ ተከላ አይፈልግም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ዝርዝሩ ከፕሮግራሙ ጋር የተሰፋ በመሆኑ ዩኒኮድ ሲያድግ ፕሮግራሙ አብሮ በአዲስ መታተም አለበት። የጋራቢክ መሣሪያ ዳታውን ከፕሮግራሙ ለይቶ ማስቀመጡ እዚህ ላይ ብልጫ ይሰጠዋል። የኤሪክ ሬይመንድ «አስኪ» የሚባለው ጥንታዊ መሣሪያም አለ፤ ከ128ቱ የመጀመሪያ ቁምፊዎች አያልፍምና ለአማርኛ አይሆንም።

ዳታው መለየቱ ለኛ ለምን እንደሚጠቅም የሚያሳየው የጉራጌ ፊደላት ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ ውስጥ በአንድ ጊዜ አልገቡም። በ1999 ከገባው ዋና ሰፈር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት ተጨማሪ ሰፈሮች ለሰባት ቤት፣ ለብሌን፣ ለምእን እና ለዜማ ምልክቶች ተከፈቱ፤ በ2010 ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ አንድ ተጨመረ፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች የመጨረሻው መጣ። ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ሰዎች ለዓመታት ደብዳቤና ሰነድ ሲጽፉ የኖሩበት ሥራ ነው። ዛሬ በዩኒኮድ ውስጥ ያሉት የግዕዝ ቁምፊዎች 523 ናቸው። የቆየ ዳታ ፋይል ያለው ኮምፒውተር ላይ መሣሪያው የ2021ዱን ፊደላት ስማቸውን ላያውቅ ይችላል፤ ዳታውን ብቻ በአዲስ ሲያወርዱለት ግን ፕሮግራሙን ሳይነኩ ያውቃቸዋል። እነዚህ አዲሶቹ ከቀደሙት በሌላም ይለያሉ። ቁጥራቸው ከአራት ወደ አምስት አሃዝ አልፏል፤ ስለዚህ በዩቲኤፍ-8 አራት ባይት ይይዛሉ፣ በዩቲኤፍ-16 ደግሞ በጥንድ ቁጥር ይጻፋሉ። አንድ ፊደል ሁልጊዜ ሦስት ባይት ነው ብሎ የተሠራ የአማርኛ ፕሮግራም የጉራጌን ጽሑፍ ይሰብራል። ፕሮግራሙ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ከአዲሶቹ የጉራጌ ፊደላት አንዷን ለመሣሪያው ሰጥቶ የባይቱን መስመር ማየት ይህን አደጋ ያስቀራል።

ስለ መልኩም አንድ ነገር ልበል። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ሳጥን ይሰጣል፤ ሳጥኑም የተለካው በላቲን ፊደል ነው። ሐ፣ ሠ፣ ጠና ጨ ከዚያ ሳጥን ይሰፋሉ። ስለዚህ በብዙ ተርሚናሎች ላይ ያ ያመሰገንኩት ሰንጠረዥ ተጨናንቆ፣ ፊደል በፊደል ላይ ወጥቶ ይታያል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የጫነ ሰው ፊደሉን ያነባል እንጂ መጨናነቁ አይቀርለትም። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ መሣሪያው እንዲያውም ስለ ስፋት በሚናገረው መስመሩ ፊደሎቻችን በዩኒኮድ ዘንድ ሰፊ ተብለው እንዳልተመዘገቡ ያሳየናል። ቢሆንም በፊደሎቹ መካከል አንድ ተጨማሪ ክፍተት የሚያስገባ አማራጭ ቢኖረው ገበታው ለአስተማሪም ይሆን ነበር።

መሣሪያው አብሮት የሚተከል «ፓራኮድ» የሚባል ታናሽ አለው፤ ጽሑፍን ተቀብሎ መልካቸው በሚመሳሰል የሌላ ቋንቋ ፊደላት ይተካዋል። አደገኛ ሐሰተኛ አድራሻዎች እንዴት እንደሚሠሩ ለማሳየት ይጠቅማል፤ ከዚያ ውጭ ለኛ ሥራ የሚሰጠው ብዙ የለም።

ፈቃዱ ጂፒኤል ስለሆነ ማንም ምንጩን ከፍቶ ማየት፣ መለወጥና የለወጠውን ማካፈል ይችላል። ለአማርኛና ለሌሎቹ የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች የጎደለው ነገር በኮድ ረገድ ትንሽ ነው። 523 መስመር ያለው አንድ ፋይል፣ በየመስመሩም የፊደሉ ቁጥር፣ የቤቱ ስም፣ ስንተኛነቱ፣ ሞክሼ ካለውም የሞክሼው ቁጥር። መሣሪያው ይህን ፋይል ካገኘ ከመደበኛው ስም ሥር «ንጉሡ ሠ፣ ግዕዝ፣ ሞክሼው 1230» የሚል መስመር እንዲያክል ማድረግ የአንድ ፓይተን አዋቂ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ከባዱ ፋይሉን መሙላት ነው፤ በአማርኛ አንድ የሆኑት በትግርኛ ስለሚለያዩ፣ የጉራጌና የብሌን ፊደላትም በየአገራቸው የሚጠሩበት ስም ስላለ፣ መጠየቅ ያለባቸው የየቋንቋው መምህራን ናቸው። በዳታ ፋይሉ ውስጥ የሞክሼው ዓምድ ለእያንዳንዱ ቋንቋ ለየብቻ መሆን ይኖርበታል።